ዘበኛ የሌለው ኮምፒውተር፦ በኤጅ ኮምፒውቲንግ ያልተፈቱ ችግሮች ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የደከማቸው ተማሪዎች "ኤጅ ላይ ልሥራ ብዬ ነበር፤ ግን ተሠርቶ አልቋል አሉኝ" እያሉ ይመጣሉ። አላለቀም። እንዲያውም ከባዱ ክፍል ገና ነው። ደጋግመው የሚያነሱልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤጅ ኮምፒውቲንግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ዳታውን ወደ ኮምፒውተሩ መውሰድ ትቶ ኮምፒውተሩን ወደ ዳታው ማምጣት ነው። አንድ የጥበቃ ካሜራ ያየውን ሁሉ ባሕር ማዶ ወዳለ ዳታ ሴንተር አይልክም። ምስሉ እዚያው ካሜራው ውስጥ፣ ወይም ጓዳ በተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ላይ ይመረመራል። የሚላከው "በሩ ጋ ሰው አለ" የሚለው መልስ ብቻ ነው።

ኤጅ የሚባለው የኔትወርኩ ጠርዝ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ፣ የሱፐርማርኬቱ ጓዳ ውስጥ ያለው ሰርቨር፣ የሞባይል ማማ ሥር ያለው ሳጥን፣ ሞተር ላይ የተለጠፈው ሴንሰር፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። "የጠርዝ ስሌት" ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ ቃሉን ስሰማ የጂኦሜትሪ ፈተና ትዝ ስለሚለኝ ኤጅ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ክላውድሌት፣ ፎግ፣ ሜክ የሚባሉትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በአብዛኛው የስም አውጪዎቹ ልዩነት ነው። በ1998 የተቋቋመው አካማይ የድረ ገጾችን ቅጂ በየቦታው ባሉ ሰርቨሮች እያስቀመጠ ለተጠቃሚው ከቅርብ ያቀርብ ነበር። ያ ግን ማስቀመጥ እንጂ ማስላት አልነበረም። በ2009 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማሃዴቭ ሳትያናራያናን ከባልደረቦቻቸው ጋር ክላውድሌት የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። እንደ ካፌ ዋይፋይ አጠገባችሁ የሚቀመጥ፣ አቅም ያጠረውን ስልክ የሚያግዝ ትንሽ ክላውድ ማለት ነው። በ2012 የሲስኮ ሰዎች ፎግ አሉት። ደመና መሬት ላይ ሲወርድ ጉም ይሆናል ከሚል ነው፤ እንጦጦን በክረምት ላየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2014 ደግሞ ኢትሲ የተባለው የአውሮፓ የቴሌኮም ስታንዳርድ አውጪ ሜክ የሚለውን ይዞ መጣ። የእሱ ትኩረት የሞባይል ማማው ነው።

ጽሑፋችሁ ውስጥ ሦስት ገጽ የስም ልዩነት አታብራሩ። አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ይሄ ሁሉ ድካም ለፍጥነት ነው?

ፍጥነት አንዱ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ኬፕታውን ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሄዶ ለመመለስ ብቻ 52 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ ከዚያ በታች አይወርድም። እውነተኛው ኬብል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እኛ የባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል እስከ ባሕሩ ይወርዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ 2.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍሬን ልያዝ ወይስ ልተው ብሎ ኬፕታውን የሚጠይቅ መኪና ላይ አትሳፈሩ።

ሁለተኛው የመስመር አቅም ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። 100 ካሜራ ያለው ግቢ በቀን 4.3 ቴራባይት ይልካል። አብዛኛው ምስል ደግሞ ባዶ ኮሪደር ነው። ሦስተኛው የሰው ገመና ነው፤ የቤታችሁ ድምፅና ምስል ከቤታችሁ ባይወጣ ይሻላል።

አራተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባንክ ቤት ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ፣ "ሲስተም የለም" ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ኤጅ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያጓጓው በዚህ በኩል ነው። ማዕከሉ ቢጠፋም ጠርዙ ሥራውን እንዲቀጥል።

ግን ክላውዱ ራሱ እየቀረበን አይደለም እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ የምርምር ጽሑፎች ይዘሉታል። አማዞን ብቻ እንኳ በ2019 ባሕሬን፣ በ2020 ኬፕታውን፣ በ2022 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ ዳታ ሴንተሮች ከፍቷል። በ2020 የተወሰኑ ተመራማሪዎች ሪፕ አትላስ በተባለው መረብ ላይ ካሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የመለኪያ መሣሪያዎች ወደ ትልልቆቹ ክላውዶች ያለውን መዘግየት ለኩ። ያገኙት መስኩን የሚፈታተን ነበር። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላለ ሰው ክላውዱ ለአብዛኛው አፕሊኬሽን በቂ ቅርብ ነው። አፍሪካን በመሰሉ አካባቢዎች ግን ርቀቱ አሁንም ትልቅ ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ስለ ኤጅ በብዛት የሚጻፈው ብዙም በማያስፈልግበት አገር ነው። በብዛት የሚያስፈልግበት አገር ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው። ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይሄ መልካም ዜና ነው።

እሺ፤ ታዲያ ዋናው ችግር ምንድን ነው?

ዘበኛ የለውም።

እየቀለድኩ አይደለም። ዳታ ሴንተር ግንብና ጥበቃ አለው። ጄኔሬተር አለው። ማቀዝቀዣ አለው። ሌሊት ተረኛ ቴክኒሺያን አለው። ክላውድ ላይ የሚሠሩት ሶፍትዌሮች የተጻፉት ይህን ሁሉ አለ ብለው ነው። ሰርቨሮቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ መስመሩ አይቋረጥም፣ መብራት አይጠፋም፣ ሌባ አይገባም፣ ቢበላሽ ደግሞ የሚነካው ሰው አለ ብለው ያስባሉ። ኤጅ ላይ አምስቱም ውሸት ናቸው። ከታች የምታነቧቸው ችግሮች ስማቸው ይለያይ እንጂ፣ አብዛኞቹ ኮምፒውተሩን ብቻውን ጥለነው ከመሄዳችን የመጡ ናቸው።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራውን መቀጠል ምኑ ይከብዳል?

መቀጠሉ አይከብድም። ኋላ መታረቁ ነው የሚከብደው።

አንድ ሰው ሂሳቡ ላይ 1,000 ብር አለው እንበል። ሁለት ቅርንጫፎች መስመር ተቋርጦባቸዋል፤ ግን እያንዳንዳቸው የሂሳቡን ቅጂ ይዘው ሥራ ቀጥለዋል። ሰውዬው አንደኛው ጋ 800 ብር ያወጣል። ባለቤቱ በውክልና ሌላኛው ጋ 700 ታወጣለች። ሁለቱም ገንዘብ ከፋዮች በያዙት ቅጂ መሠረት ልክ ናቸው። መስመር ሲመለስ ሂሳቡ ከዜሮ በታች 500 ብር ወርዷል። ጥፋተኛው ማን ነው?

ኤሪክ ብሩወር በ2000 ይህን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡት፤ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ አረጋገጡት። መስመር ሲቆረጥ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አገልግሎት ትከለክላለህ፣ ወይ ቅጂዎቹ እንዲለያዩ ትፈቅዳለህ። ስለዚህ "ሲስተም የለም" ያለችን ልጅ ሳታውቀው በሒሳብ የተረጋገጠ ምርጫ መርጣለች። ንዴቱን ባይቀንስም።

ሌላው መንገድ ቅጂዎቹ በየፊናቸው ተለውጠው ኋላ ያለ ጭቅጭቅ የሚዋሃዱበት የዳታ ዓይነት መጠቀም ነው። ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው በ2011 መልክ አስያዙት። ለላይክ ቆጠራ፣ ለገበያ ዝርዝር፣ ሁለት ሰው አብሮ ለሚጽፈው ሰነድ ግሩም ነው። "ከዜሮ በታች አይውረድ" ለሚል ሕግ ግን አይሠራም። ለዚያ በ1986 የቀረበ የቆየ ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ድርሻውን ቀድመህ ትሰጠዋለህ፤ ለአንዱ 500፣ ለሌላው 500። ከድርሻው በላይ አይከፍልም። ጥያቄው ድርሻው እንዴት ይከፈል የሚለው ነው። ሰውዬው ሁልጊዜ ፒያሳ የሚያወጣ ከሆነ ለምን መርካቶ 500 ይተኛል? መስመሩ ለ10 ደቂቃ ሲቆረጥና ለ3 ቀን ሲቆረጥ ድርሻው አንድ ይሁን? መቆራረጡን ራሱን መተንበይ ይቻላል? እዚህ ላይ የተሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስልክ ላይ እየሠራ አይደል? ምን ቀረ?

ብዙ ተሄዷል። ፕላንትቪሌጅ ኑሩ የተባለው አፕ የካሳቫን በሽታ ከቅጠሉ ያለ ኢንተርኔት ስልኩ ላይ ይለያል፤ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ገበሬ እጅ ገብቷል። ከዚያም ያነሱ መሣሪያዎች አሉ። ብዙ ተማሪ የሚጀምርበት አርዱዪኖ ናኖ 33 ቢኤልኢ ሴንስ የተባለው ትንሽ ቦርድ 256 ኪሎባይት ራም ብቻ አለው። ባለ 4 ጊጋ ስልክ ከእሱ 16 ሺህ እጥፍ ይበልጣል። እዚያች ላይ እንኳ ቀላል ቃላትን የሚለይ ሞዴል ይሠራል። ዋናው ዘዴ ሞዴሉ የተሠራባቸውን ቁጥሮች ማሳጠር ነው። በ32 ቢት የተጻፈውን ቁጥር በ8 ቢት ብትጽፉት ሞዴሉ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ስንደርስ ነው ልብሱ የሚጠበው። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (እነዚያው ቁጥሮች) ያለው ሞዴል በ16 ቢት 14 ጊጋባይት ነው። በ4 ቢት 3.5 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 4 ጊጋ ስልክ ግን አንድሮይድን ራሱን መሸከም አለበት፤ ስለዚህ አሁንም አይገባም።

ማጠሩ ደግሞ ሁሉንም ቋንቋ እኩል አይጎዳም። በ2024 የወጣ ጥናት ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች የበለጠ እንደሚጎዱ አሳይቷል። በእኛ ፊደል ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የእንግሊዝኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ የጽሑፍ ኮድ አንድ ባይት ሲይዝ "ሀ" ሦስት ባይት ትይዛለች። ቃላቱን የሚቆራርጠው የሞዴሉ ክፍል አማርኛን በደንብ ካልተማረ አንዲቷን ቃል ሰባት ስምንት ቦታ ይበጣጥሳታል። እያንዳንዷ ቁራጭ ባትሪና ጊዜ ትበላለች። ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲጠየቅ ስልኩ የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው። ይህን በትክክል የለካ ሰው ቢኖር ጽሑፉን በደስታ አነባለሁ።

ሌላው ቀሪ ሥራ ማሠልጠን ነው። የተማረ ሞዴል ማሠራት አንድ ነገር፣ እዚያው መሣሪያ ላይ እንዲማር ማድረግ ሌላ። ሲማር መካከለኛ ውጤቶቹን ሁሉ መያዝ ስላለበት የሚፈልገው ሚሞሪ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ካልተማረ ግን ያረጃል። የካሜራው መስታወት አቧራ ይለብሳል፤ ክረምት ይገባል፤ ብርሃኑ ይለወጣል። ላብራቶሪ ውስጥ 95 ከመቶ ያገኘ ሞዴል ሜዳ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። "ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ስህተት ነው" እያለ የሚነግረው ሰውም አጠገቡ የለም።

ፌደሬትድ ለርኒንግ የገመና ጉዳይን አልፈታውም?

ግማሹን ፈትቷል። ጉግል በ2016 እና በ2017 ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ዳታችሁን ስልካችሁ ላይ ይተወዋል። ስልኩ ከዳታው ይማራል፤ የሚላከው የተማረው ለውጥ ብቻ ነው። ማዕከሉ የብዙ ሺህ ስልኮችን ለውጥ አማክሎ ሞዴሉን ያሻሽላል። ጂቦርድ ኪቦርድ ላይ ሥራ ላይ ውሏል።

የመጀመሪያው ችግር የሰው አለመመሳሰል ነው። አንዱ አማርኛን በፊደል ይጽፋል፤ ሌላው በላቲን ፊደል፤ ሦስተኛው አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ይቀላቅላል። የሁሉንም አማካይ ወስዳችሁ የምታገኙት ሞዴል ለማንም ልክ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስልኩ የሚማረው ሥራ ሲፈታ፣ ቻርጅ ላይ ሲሆንና በዋይፋይ ሲገናኝ ነው። ባትሪና የዳታ ሂሳብ እንዳይበላ ተብሎ ነው፤ ተገቢ ነው። ግን ቤቱ ዋይፋይ የሌለው፣ ካርድ እየሞላ በሞባይል ዳታ የሚጠቀመው ሰው ድምፅ መቼ ይሰማል? ሞዴሉ ከማን እንደሚማር የሚወስነው የኢንተርኔት ፓኬጅ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ "የተማረው ብቻ ነው የሚላከው" የሚለው ማረጋገጫ ቀዳዳ አለው። በ2019 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከተላከው ለውጥ ብቻ ዋናውን ፎቶ መልሰው መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። መከላከያው ለውጡ ላይ ሆን ብሎ ጫጫታ፣ ማለትም የዘፈቀደ ቁጥር፣ መጨመር ነው። ጫጫታው ሲበዛ ገመናው ይጠበቃል፣ ሞዴሉ ይደንዛል። ትክክለኛው መጠን የቱ ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

ሌባ ሳጥኑን ራሱን ይዞት ቢሄድስ?

ይሄዳል። ክላውድ ላይ ሰርቨር የሚሰርቅ ሰው አታስቡም። ኤጅ ላይ ግን አጥቂው ሳጥኑን በእጁ ሊይዘው፣ ሊፈታው፣ ሚሞሪውን ሊያነበው ይችላል። ዳታውን መቆለፍ ይቻላል፤ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳጥኑ ራሱ ተነስቶ ሥራ መጀመር ስላለበት ቁልፉም እዚያው አጠገቡ ነው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር እንደማድረግ ነው። ቺፖቹ ውስጥ የተከለለ ቦታ አበጅቶ ቁልፉን እዚያ መደበቅ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን በ2018 ፎርሻዶው የተባለው ጥቃት የኢንቴልን የተከለለ ቦታ ሰብሮ ታይቷል።

ብዛቱ ሌላ አደጋ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ 60 ያህል የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በበረታበት ጊዜ 600 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 (በፈረንጆቹ) የድረ ገጾችን ስም ከአድራሻቸው ጋር የሚያገናኘውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲመቱበት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ገጾች ለሰዓታት አልከፍት አሉ። ካሜራዎቹን የገዙት ሰዎች ግን አንዳች አልተሰማቸውም። ካሜራው እየሠራ ነበራ! የምርምሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ ሩቅ ያለ መሣሪያ "ጤነኛ ነኝ" ሲል እውነቱን መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ደህና ለሆነ ቺፕ መልስ አለ። ርካሽና ደካማ ለሆነችው ሴንሰር ገና ነው።

10 ሺህ መሣሪያ ላይ ሶፍትዌር ማዘመን እንዴት ይቻላል?

በጸሎት። በቁም ነገር ግን፣ ክላውድ ላይ ዝማኔ ሲበላሽ ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። ኤጅ ላይ የተበላሸው መሣሪያ መስመሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ሰው መኪና ይዞ መሄድ አለበት። ሐምሌ 19 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የለቀቀው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አንኮታኮተ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ አንድ ፋይል ማጥፋት። ግን በብዙዎቹ ላይ ሰው ማሽኑ ፊት ቆሞ ነው ያጠፋው። የኤጅ ሰዎች የሚፈሩት ቀን ምን እንደሚመስል በዚያ ዕለት ታየ።

ጥሩ ልምዶች አሉ። ቺክ ፊሌ የተባለው የአሜሪካ ዶሮ ቤት በእያንዳንዱ ምግብ ቤቱ ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ያስቀምጣል። በ2018 አካባቢ 2 ሺህ ገደማ ቤቶች ነበሩት። አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይሠራሉ። ዘዴው የሚሠራው ግን ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው። አሮጌ አንድሮይድ፣ ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተርና የቻይና ካሜራ ተቀላቅለው ሲመጡ ወግ ያለው መልስ የለም።

መብራት መጥፋት የምርምር ርዕስ ይሆናል?

ይሆናል፤ የራሱ ስምና ማኅበረሰብ ያለው መስክ ነው። ባትሪ የሌላቸው፣ ከፀሐይ ወይም ከሬዲዮ ሞገድ ጠብታ ኃይል እየለቀሙ የሚሠሩ ሴንሰሮች አሉ። ትንሽ ካፓሲተር ሲሞላ ይነሳሉ፣ ሲያልቅ ይሞታሉ፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ከሞተበት መስመር እንዲቀጥል ሁኔታውን ኃይል ሲጠፋ በማይረሳ ሚሞሪ ላይ መጻፍ አለበት። መቼ ይጻፍ? ቶሎ ቶሎ ከጻፈ ኃይሉ ለመጻፍ ያልቃል። ካዘገየ ሥራው ይጠፋል። ሌላው አስቂኝ ችግር ሰዓት ነው። መሣሪያው ሲነቃ ለአንድ ሰከንድ ይሁን ለአንድ ሌሊት ተኝቶ እንደነበር አያውቅም። የያዘው ሙቀት የአሁኑ ነው ወይስ የትናንት?

በእኛ ሚዛን ችግሩ ከፍ ብሎ ይመጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሳምንታት ዳታ ስሰበስብ የቆየሁበት ራስበሪ ፓይ መብራት ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ ኤስዲ ካርዱ ተበላሽቶ አረፈው። ባክአፕ? አይጠየቅም። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎችን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ሶኬቱን ብነቅለው ምን ይሆናል?" የሚል ነው።

ኦፍሎዲንግ ላይ ብሠራስ?

ሥራውን ስልኩ ላይ ልሥራው፣ ማማው ሥር ላለው ሰርቨር ልስጠው ወይስ ክላውድ ልላከው የሚለው ውሳኔ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ግን ገበያው ሞልቷል። ብዙው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ቀመር ይጻፋል፣ ከባድ መሆኑ ይረጋገጣል፣ አዲስ ስም ያለው ዘዴ ይቀርባል፣ እንደ አይፎግሲም ባለ ሲሙሌተር ይሞከራል፣ ከቀድሞው ይሻላል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ግን አንዴም "ኔትወርክ የለም" ብሎ አያውቅም። እውነተኛ መስመር ላይ እውነተኛ መሣሪያ ይዛችሁ ከለካችሁ ግቡበት። አለበለዚያ ሌላ ፈልጉ።

ተጠቃሚው ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስስ?

ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሥራውም አብሮት መዛወር አለበት። ጥሪን ማዛወር ከተፈታ ቆይቷል፤ የሚሮጥ ፕሮግራምን ከነሚሞሪው ማዛወር ግን ከባድ ነው። ዳታው ሳይደርስ መኪናው ሦስተኛው ማማ ጋ ይደርሳል።

ሳተላይትም ኤጅ ነው?

ከዚህ በላይ ምን ጠርዝ አለ! በ2020 የመጠቀችው የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ፋይሳት-1 የምታነሳቸውን ፎቶዎች እዚያው ላይ መርምራ ደመና የሸፈናቸውን ትጥል ነበር፤ ወደ መሬት የሚወርደው የጠራው ብቻ ነበር። ደመናን ለማስቀረት ከክላውድ መሸሽ ማለት ይህ ነው።

ከተጠቃሚው ዳታ ጋር የሚነሳ የሕግ ጥያቄ አለ?

አለ። ኢትዮጵያ በ2024 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ዳታው ከአገር አለመውጣቱ ነገሩን ያቀለዋል፤ ግን አይጨርሰውም። አንድ ሰው "የእኔን አጥፉልኝ" ቢል ዳታው 3 ሺህ ሳጥን ላይ ተበትኗል፤ ግማሾቹ ዛሬ መስመር ላይ የሉም። ከዳታው የተማረው ሞዴልስ? የተማረውን እንዲረሳ ማድረግ ራሱን የቻለ ያልተፈታ ችግር ነው።

አንድ ላፕቶፕ ብቻ አለኝ። ላብራቶሪ የለንም። ምን ልሥራ?

መለካት። ከተለያዩ ሰፈሮችና ከክልል ከተሞች፣ በቀንና በሌሊት፣ በሁለቱም የቴሌኮም ኩባንያዎች መስመር እስከ ቅርብ ክላውዶች ያለውን መዘግየትና መቆራረጥ ለሦስት ወር መዝግቡ። መቆራረጡ ስንት ጊዜ ነው? ለስንት ደቂቃ? ከመብራት ጋር አብሮ ነው ወይስ ለብቻው? እንዲህ ያለ ዳታ ለዓለም ክፍት ቢሆን ከላይ ያነሳሁትን የድርሻ ክፍፍል ጥያቄ ጨምሮ ብዙ ሰው ይሠራበታል። ወይም አንድ አነስተኛ የአማርኛ የንግግር ሞዴል ወስዳችሁ ስታሳጥሩት የትኞቹ ድምፆች ቀድመው እንደሚጠፉ ፈትሹ። "ጠ" እና "ተ" እስከ ስንት ቢት ድረስ ይለያሉ?

ለሙከራ የግድ ራስበሪ ፓይ ልግዛ?

አያስፈልግም። የቆየ አንድሮይድ ስልክ ፈልጉ። ካሜራ አለው፣ ማይክ አለው፣ ሲም ካርድ ይቀበላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ግድ የለም።